ከእርስዎ ቀጥሎ ማን አለ?

በቆቦ ሜዳ የሚኖር ገበሬ የክረምቱን ዝናብ ብቻ አምኖ አይዘራም። ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ እየጠለፈ ማሽላውን ያጠጣል። ጎርፉም ሳይታሰብ መጥቶ ፈጥኖ የሚያልፍ ነውና ተራ መያዝ ግድ ነው። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ገበሬ የሁሉን ስም በቃሉ መያዝ አያስፈልገውም፤ ውሃውን ለማን እንደሚያስተላልፍ ካወቀ ይበቃዋል።

ኮምፒዩተር በተባለውም መሣሪያ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥርዓት አለ፤ ስሙም ተያያዥ ዝርዝር ነው። አለን ኒውኤል፥ ክሊፍ ሻውና ኸርበርት ሳይመን የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1955 እና በ1956 ገደማ ለፕሮግራም ሥራ አዋሉት። ስሞች በመዝገብ እንደሚጻፉ ሁሉ በተከታታይ ስፍራ ቢቀመጡ፥ በመካከል አንድ ለማስገባት ከእርሱ በታች ያሉትን ሁሉ ማዛወር ያሻል። በተያያዥ ዝርዝር ግን እያንዳንዱ ስም በተገኘው ስፍራ ተቀምጦ የቀጣዩን አድራሻ ብቻ ይይዛል፤ አዲስ ሰው ሲገባ የሚጻፉት ሁለት አድራሻዎች ናቸው። በአንጻሩ 50ኛውን ሰው ለማግኘት ከመጀመሪያው ተነሥቶ 49ኙን ማለፍ ግድ ይሆናል።

እኛም ይህን ትምህርት እንደ ጀመርን የአንድ ቦይ ተጠቃሚዎችን ተራ በዚህ አኳኋን አሰናዳን። ከዕለታት አንድ ቀን መሬቱን የለቀቀ ሰው ስም እንድንሰርዝ ታዘዝን። ቸኩለን ነበርና የቀጣዩን አድራሻ ለቀዳሚው ሳናስተላልፍ ሰውየውን ደመሰስነው። ዝርዝሩም በዚያው ተቆረጠ፤ ከኋላው የነበሩት ስሞች በመሣሪያው ውስጥ ሳሉ መንገዳቸው ጠፋ። ሰማዩ በተራራው ላይ ጠቁሮ ስለ ነበረ ደነገጥን። በዚያ ሌሊት ጎርፍ ቢመጣ ስሙ ያልተጠራ ሰው ማሳ ደርቆ ሊቀር ነው።

ወደ ውሃ አባቱ ሄደን ጥፋታችንን ነገርናቸው። እርሳቸውም አልተቆጡም፤ መሬቱን ከለቀቀው ሰው ጀምረው፥ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ «ከእርስዎ ቀጥሎ ማን አለ?» እያሉ ጠየቁ። ሲመሽ ዝርዝሩ እስከ መጨረሻው ሰው ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ አንድን ስም ከማጥፋታችን በፊት ቀጣዩን በሌላ ስፍራ እናኖራለን። ነገሩ ግን ለፕሮግራም ጸሐፊ ብቻ የተተወ አይደለም። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ከሥራው ሲሰናበት በእጁ ያለውን ጉዳይ ለማን እንደሚያስረክብ ሳይጠየቅ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ባለጉዳዩም እንደነዚያ ስሞች ይሆናል፤ እርሱ አለ፥ ወደ እርሱ የሚያደርስ ግን የለም።