መዝሙሩ የተሳሳተባት እሑድ

ዛሬ ስለ ራሽንም፣ ስለ ውኃም፣ ስለ ምዝገባም አናወራችሁም። እሱንማ በየቀኑ ሰልፍ ላይ ቆመን ስናወራው ነው የምንውለው። የዛሬው ጨዋታችን አብረን ስላየነው አንድ የቅርጫት ኳስ ግጥሚያ ነው። «ኳስ ደግሞ ለስደተኛ ምን ይሠራል?» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። እስኪ ታገሱንና አንብቡት። ከጨዋታው ይበልጥ ከጨዋታው በፊት የሆነው ነገር ነው እስከ ዛሬ ከልባችን ያልወጣው።

ጎሮምን ለማታውቁት፣ ከጁባ ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ነው። ብዙዎቻችን ከጋምቤላ በኩል የመጣን ነን። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ሱዳናውያን ጎረቤቶች መጥተው አጠገባችን ሰፍረዋል። እንግዲህ በአንድ የውኃ ቧንቧ ዙሪያ አማርኛውም፣ አኙዋክኛውም፣ ዓረብኛውም ይሰማል።

የደቡብ ሱዳን የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ወሬ ወደ ካምፓችን የገባው በዚያው ዓመት ክረምት ነው። ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ አልፎ ፊሊፒንስ ሄደ። የመጀመሪያውን ጨዋታ በፖርቶሪኮ በጭማሪ ሰዓት 101 ለ96 ተሸነፈ። ቀጥሎ ግን ቻይናን 89 ለ69 አሸነፈ። ነሐሴ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. (በፈረንጆች ሴፕቴምበር 2 ቀን 2023) አንጎላን 101 ለ78 ሲረታ፣ ከአፍሪካ ቡድኖች ሁሉ በልጦ ወደ ፓሪስ ኦሊምፒክ ማለፉ ተረጋገጠ። ነጻ ከወጣች ገና 12 ዓመቷ የሆነ አገር! በዚያን ጊዜ እኮ ለዚህ ጨዋታ የሚሆን ጣራ ያለው አዳራሽ እንኳ አልነበራትም። የጁባ ልጆች የሚጫወቱት ኒምራ ታላታ እንዳለው ሜዳ ፀሐይና ዝናብ በሚወርድበት ሲሚንቶ ላይ ነው።

ታዲያ እኛ ማንን እንደግፍ? በካምፓችን በዚህ ጉዳይ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንድ አባታችን እንዲህ አሉ፦ «እንግዳ ሰው በባለቤቱ ሠርግ ላይ ይገኛል፣ ያጨበጭባል። ግን ሙሽራው የኔ ነው አይልም።» ነገሩ እውነት ነው። ብዙዎቻችን ራሳችንን ነቀነቅን። አንዲት እናት ግን ዝም አላሉም። «አባባ፣ የኔ ልጅ የተወለደው እዚህ ነው። ኢትዮጵያን በወሬ ነው የሚያውቃት። ይሄን ቡድን አትደግፍ ብለው የትኛውን ሊሰጡት ነው?» አሏቸው። አባታችንም መልስ አላገኙላቸውም። ክርክሩ እንዲሁ ተንጠልጥሎ ቀረ።

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ 13 ቀን ማታ ቡድኑ ለንደን ላይ ከአሜሪካ ጋር የወዳጅነት ጨዋታ አደረገ። እነ ሌብሮን ጄምስ ካሉበት ቡድን ጋር ማለት ነው። በማታ ከተማ መውረድ ስለማይቻል ሃያ የምንሆን ሰዎች አንድ ሞባይል ስልክ ከብበን አየን። እስከ ዕረፍት ድረስ ደቡብ ሱዳን 58 ለ44 መራች! ስልኩን ያልያዘው ሁሉ «እውነት ነው? ቁጥሩን አሳየኝ» ይላል። ሊያልቅ 20 ሰከንድ ያህል ሲቀረው እንኳ 100 ለ99 እየመራን ነበር። «እየመራን» ያልነውን ልብ በሉልን፤ አፋችን ሳናውቀው «እኛ» ማለት ጀምሯል። ልክ እዚያ ላይ ኔትወርኩ ሄደ። ሲመለስ ሌብሮን አግብቶ 101 ለ100 አልቋል። ያም ሆኖ የተሸነፈ ሰው አልመሰልንም። በማግስቱ የውኃ ሰልፍ ላይ ሌላ ወሬ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነው የኦሊምፒኩን የመጀመሪያ ጨዋታ በስልክ አናይም ብለን የቆረጥነው። ገንዘብ አዋጣን፣ ሚኒባስ ተኮናተርን። እሑድ ሐምሌ 21 ቀን (በፈረንጆች ጁላይ 28 ቀን 2024) ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንዳንል ጨዋታው የሚጀመረው ከጠዋቱ 5 ሰዓት ነው። ስለዚህ ጸሎቱን በማለዳ አድርሰን ጁባ ወረድን። የገባነው ትልቅ ቴሌቪዥን ያለው አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ነው። ባለቤቲቱ ጄኔሬተሩን አስነሥተው፣ ወንበሩን ደርድረው ጠበቁን። ቤቱ ጢም ብሏል። የጁባ ወጣቶች አሉ፤ ሐበሻ ነጋዴዎች አሉ፤ ቦዳ ቦዳ ነጂዎች ሞተራቸውን በር ላይ አቁመው በመስኮት ያያሉ። ከእኛ ጋር ከኦምዱርማን የተሰደደ፣ እዚያ አስተማሪ የነበረ ጎረቤታችንም መጥቷል። ሁላችንም «ኡስታዝ» ነው የምንለው።

ተጋጣሚያችን ያችው ፖርቶሪኮ ናት። ቦታው የፈረንሳይ ከተማ ሊል ነው። ተጫዋቾቹ ተሰለፉ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። መዝሙሩ ተጀመረ። ቤቱ ውስጥ የነበሩት የጁባ ልጆች መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ጩኸት ሆነ። የተከፈተው መዝሙር የደቡብ ሱዳን አይደለም። የሱዳን ነው! ሊል ውስጥ የነበረው ተመልካችም ማፏጨት ጀመረ።

ለሌላው ዓለም ይህ ትንሽ የአሠራር ስሕተት ሊመስል ይችላል፤ አዘጋጆቹም በኋላ ይቅርታ ጠይቀዋል። ለእነዚህ ልጆች ግን ቀላል አይደለም። ከዚያ መዝሙር ለመለየት ነው እኮ ስንት ዓመት ጦርነት የተደረገው፣ ስንት ሰው ያለቀው። የራሳቸውን መዝሙር «ሳውዝ ሱዳን ኦዬ»ን የጁባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ናቸው በ2011 እ.ኤ.አ. ለነጻነቱ ያዘጋጁት። እኛም ነገሩ ገብቶናል። ስሙ በወረቀት ላይ ተሳስቶ የተጻፈበት፣ ዜግነቱ በሌላ አገር የተሞላበት ስደተኛ ከመካከላችን ስንቱ ነው? «አይ፣ እኔ እሱ አይደለሁም» እያሉ ማስረዳት ምን ያህል እንደሚያደክም ከእኛ በላይ ማን ያውቃል?

መዝሙሩ ተቋረጠ። ልጆቹ ግን ከሰልፋቸው አልተነቃነቁም። አልተሳደቡም፣ ጥለውም አልወጡም። «ይሁን፣ ዝም ብለን እንጫወት» ብለውም አልተበተኑም። ትክክለኛው እስኪመጣ እዚያው ቆመው ጠበቁ። ሦስት ደቂቃ ያህል ነው የቆየው፤ ለእኛ ግን ሦስት ሰዓት መሰለን።

በዚህ መሐል ዘወር ስንል ኡስታዝ ቆሟል። የአገሩ መዝሙር ሲጀመር ነው በልማድ ብድግ ያለው። ዙሪያውን የሚጮኸው ሰው ሁሉ በእሱ መዝሙር ላይ ነው የሚጮኸው። ሰውዬው ያን መዝሙር ከካርቱም ከወጣ ወዲህ ሰምቶት አያውቅም። የሰማውም እንዲህ ባለ ቦታ፣ በፉጨት መሐል ሆነ። አንድ የጁባ ወጣት ሊቆጣው ወደ እሱ ሲዞር ፊቱን አየና ዝም አለ። ዕንባ ነበረው። ወዲያው የደቡብ ሱዳን መዝሙር ተከፈተ፤ ቤቱ በሙሉ ተነሣ። ኡስታዝም አልተቀመጠም። እስከ መጨረሻው እንደ ቆመ ሰማ። ያ ወጣት ሲያልቅ ወንበር ስቦ «ተፈደል፣ ያ ኡስታዝ» ብሎ አስቀመጠው፤ ሻይም አዘዘለት። ኡስታዝ በኋላ የነገረን ይህን ብቻ ነው፦ «በኔ ክፍል የደቡብ ልጆችም አስተምሬአለሁ። ለሁለቱም መቆም ይገባኛል።»

ወደ ጨዋታው እንምጣ። ፖርቶሪኮ ሆሴ አልቫራዶ የሚባል አጭርና ፈጣን ተጫዋች አላት፤ ለብቻው 26 ነጥብ አስቆጥሮ ነፍሳችንን አስጨነቃት። በእኛ በኩል ካርሊክ ጆንስ ኳሱን እየመራ 19 ነጥብ አገባ። በመጨረሻ 90 ለ79 አሸነፍን። በማኒላ በጭማሪ ሰዓት ያመለጠን ድል በኦሊምፒክ ተመለሰ። ደቡብ ሱዳን በኦሊምፒክ ቅርጫት ኳስ ስትጫወት የመጀመሪያዋ ነበር፤ በመጀመሪያ ጨዋታዋም አሸነፈች። ባለቤቲቱ እልል አሉ። ቦዳ ቦዳዎቹ ጡሩምባቸውን ለቀቁት።

አሁን እስኪ እነዚህ ልጆች እነማን እንደሆኑ እንንገራችሁ። ቡል ኩዎል ኬንያ ውስጥ ካኩማ ካምፕ ኖሮ ወደ አውስትራሊያ የሄደ ነው። ዌንየን ገብርኤል የተወለደው ካርቱም ነው። ካማን ማልዋች ሩምቤክ ተወልዶ ኡጋንዳ በስደት ያደገ ነው፤ ያን ጊዜ 17 ዓመቱ ነበር። ኑኒ ኦሞት ደግሞ ቤተሰቡ ከኢትዮጵያ የተሰደደ፣ እሱ ኬንያ ውስጥ በስደተኞች ካምፕ የተወለደ፣ አሜሪካ ያደገ ልጅ ነው። ካርሊክ ጆንስ ጭራሽ ትውልዱ አሜሪካዊ ነው፤ ዜግነት ተሰጥቶት ነው ማልያውን የለበሰው። ሁሉን ያሰባሰበው የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሉዎል ዴንግ ራሱ ዋው ተወልዶ፣ በልጅነቱ ወደ ግብፅ ተሰዶ፣ ከዚያ ለንደን ያደገ ነው። በአሜሪካ በቺካጎ ቡልስ ስሙን ካስጠራ በኋላ ለዚህ ቡድን ከኪሱ ጭምር ወጪ አድርጓል። ባጭሩ ይህ የስደት ልጆች ቡድን ነው።

ያቺ ቀደም ሲል አባባን የተከራከሩት እናት ስለ ኑኒ ኦሞት ስንነግራቸው ስለ ኳሱ ምንም አልጠየቁም። «እናቱ ካምፕ ውስጥ ስታጠባው ይሄን አስባ ይሆን?» ብቻ አሉ።

ወደ ጎሮም ስንመለስ መንገድ ላይ ያገኘን ሁሉ «መብሩክ! መብሩክ!» ይለናል። ሐበሻ መሆናችንን እያየ ነው። ወታደሩም፣ ከሰል ሻጯም። «የእናንተ አይደለም» ያለን አንድም ሰው አላገኘንም። አባባ ይህን ሲሰሙ ሣቅ ብለው «እንግዲያው ባለ ሠርጉ ራሱ ከጠራችሁ ግቡ» አሉ። የተንጠለጠለው ክርክራችን በዚህ አለቀ።

አናጋንነው። በማግስቱ ሰልፉ ያው ነው፣ ማሽላውም ያው ነው። ቡድኑም በሦስተኛው ቀን በአሜሪካ 103 ለ86፣ ከዚያም በሰርቢያ 96 ለ85 ተሸንፎ ከምድቡ ሳያልፍ ቀረ። ለወላጆችም አንድ ነገር እንበል። ከዚያች እሑድ ወዲህ ልጆቻችን የብስክሌት ቸርኬ ዛፍ ላይ ሰቅለው ቀኑን ሙሉ ሲወረውሩ ይውላሉ። ይጫወቱ፣ ደስ ይበላቸው። ግን ኦሊምፒክ የሄዱት 12 ናቸው፤ በየካምፑ ያለው ልጅ ስንት ነው? ማልዋች በ2017 ዓ.ም. ሰኔ በአሜሪካው የኤንቢኤ ምርጫ 10ኛ ሆኖ ሲመረጥ እዚህ ጮኸናል። እሱም ቢሆን እዚያ የደረሰው በትምህርት ቤት በር አልፎ፣ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነው። ስለዚህ ደብተሩ ከኳሱ ጋር አብሮ ይያዝ።

ለልጆቻችን ከነጥቡ ይልቅ ደጋግመን የምንነግራቸው የእነዚያን ሦስት ደቂቃዎች ነገር ነው። ሰው በተሳሳተ ስም ሲጠራችሁ፣ ትክክለኛው ስማችሁ እስኪጠራ ከቦታችሁ አትነቃነቁ። አጠገባችሁ ደግሞ የእሱ ስም የሚፎጭበት ሰው ካለ፣ ወንበር ሳቡለት።

እናንተስ፣ በካኩማም በሌላውም ካምፕ ያላችሁ ወገኖች፣ ያን እሑድ የት ሆናችሁ አያችሁት? ጻፉልንና በሚቀጥለው ዕትም እናውጣው። ቸር ያሰማን፣ ቸር ሰንብቱ።