ስለ ወደቀው አጥርና ስለ አፈሩ ጠባይ

ያ ክረምቱን ሙሉ ሳማርርላችሁ የከረምሁት የሕንፃ መሠረት ጉድጓድ ዛሬ ከቀትር በፊት በአጠገቡ የሚኖሩትን የእትዬን አጥር ይዞ ወረደ። ተመስገን፣ በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም፤ ከብሎኬቱ ጋር ወደ ጥልቁ የወረዱት የእትዬ ጌሾና የዶሮ ቤታቸው ብቻ ናቸው፤ ዶሮዎቹ ግን ነገሩን ከእኛ ሁሉ አስቀድመው የተረዱት ይመስል በሕንፃው አማካሪ መኪና ጣራ ላይ ሰፍረው ተገኝተዋል።

እኔን ከአጥሩ መናድ ይልቅ ያስደነቀኝ ከዚያ በኋላ በጉድጓዱ አፋፍ የተደረገው ጉባኤ ነው። ባለ ሕንፃው ጫማውን ከጭቃው እየጠበቀ «እኔ ገንዘብ ከፋይ ነኝ እንጂ የማውቀው የለኝም፤ ሥራውን ለተቋራጭ ሰጥቻለሁ» አለ። ተቋራጩ ከብዙ ጥሪ በኋላ በስልክ ተገኝቶ «እኔ ፕላኑ ባለው ልክ ቆፈርሁ፤ አማካሪውን ጠይቁ» ሲል መለሰ። አማካሪው የላከው ወጣት ደግሞ ዶሮዎቹን ከመኪናው ላይ እያባረረ «ይህ የአፈሩ ጠባይ ነው» ብሎ ፈረደ። አፈሩ አፍ ቢኖረው ጥፋቱን በዝናቡ ላይ እንደሚያላክክ አልጠራጠርም፤ ከዝናቡ በላይ ያለውን ግን ማን ደፍሮ ይከሳል ብዬ ሳስብ ፎርማኑ ደፈረና «አባቴ፣ የእግዜር ሥራ ነው፤ ምን ይደረጋል» አለኝ።

በሉቃስ ወንጌል የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎችን እንደ ገደለ፣ ጌታም ሟቾቹ ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው የከፉ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ መናገሩ ተጽፏል። ሰባክያን ይህን ምዕራፍ ለንስሐ ያደርጉታል፤ ይገባልም፤ እኔ ግን ባነበብሁት ቁጥር፣ ግንበኛው ማን ነበረ፣ መሠረቱንስ ወርዶ ያየ ማን ነበረ እያልሁ እብሰለሰላለሁ። ኦሪት በዚህ ረገድ ትመቸኛለች፤ በዘዳግም ምዕራፍ 22፣ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ከሰገነቱ ሰው ወድቆ የደም ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይሆን፣ በዙሪያው መከታ ያበጅ ዘንድ ታዝዘዋለች እንጂ አፈርም ዝናብም አታነሣም።

ዓለማዊው ሕግም ከዚህ የራቀ አይደለም። ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀውና በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2069ኛው አንቀጽ፣ የመሬትን የተፈጥሮ አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ሰው ከተለመደው ላለፈ አደጋ ያጋለጠ ሰው፣ ያሰጋው ነገር በደረሰ ጊዜ፣ ጥፋት ባይገኝበት እንኳ ኃላፊ ነው ይላል፤ ስለዚህ እትዬ የአፈሩን ጠባይ የመመርመር ወይም እነዚያ ሰዎች እርስ በርሳቸው የተፈራረሙትን ውል የማገላበጥ ግዴታ የለባቸውም፤ ከፋዩ ከከፈለ በኋላ ማን ለማን እንደሚተካ በመካከላቸው ይሟገቱበት። ሕንፃው ከቆመ በኋላ ደግሞ 2077ኛው አንቀጽ ይጠብቃቸዋል፤ ባለቤቱ ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ የማይታሰብ እንኳ ቢሆን፣ ተጠያቂ ነው። ከእርሱ የሚቀጥለው አንቀጽ ግን ሁልጊዜ ያስቀኛል፤ ባለቤቱ ራሱ ካላጠፋ ሕንፃውን ለተጎዳው ሰው ለቆ ከዕዳው የሚድንበትን በር ይከፍትለታልና። ይህን ለእትዬ ብነግራቸው «ታዲያ ጉድጓዱን ምን ላደርገው ነው፤ ጎመን ልዝራበት?» አሉኝ።

ያ ወጣት ስለ አፈሩ ጠባይ የተናገረው ግን ከሁሉ አብልጦ ያናደደኝ፣ ሕጉ ይህን ምክንያት በስሙ ጠርቶ የዘጋው በመሆኑ ነው። በ3039ኛው አንቀጽ መሠረት ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበበት ቀን አንሥቶ ለ10 ዓመት የሕንፃው ጽናት ዋስ ነው፤ መበላሸቱ ከአሠራሩ ጉድለት ይምጣ ወይም ከመሬቱ ጠባይ፣ መልስ የሚሰጠው እርሱ ነው፤ ይህን ዘመን የሚያሳጥር የውል ቃል ቢጻፍም ፈራሽ ነው። ከርክክብ በኋላ በአፈሩ ማሳበብ ያልተፈቀደለት ሰው ገና ሲቆፍር እንዴት ይፈቀድለታል?

ዐሥር ዓመት ሲባል ሐሳቤ ወደ አባቴ ቤት ይሄድብኛል። ያን የጭቃ ቤት የሠሩልን አናጢ ከአባቴ ጋር የሚካኤል ማኅበርተኛ ነበሩ፤ ስለዚህ ወር በገባ በ12ኛው ቀን፣ ተራው የእኛ በሆነ ጊዜ፣ ጸበል ጻዲቁ ሳይቀርብ በፊት አንገታቸውን አቅንተው ማገሩን፣ ወራጁንና የበሩን መቃን ይመረምሩ ነበር። አንድ ክረምት በሩ አልገጥም ቢል፣ ማንም ሳይጠራቸው በማግሥቱ ማለዳ መጥረቢያቸውንና ቱንቢያቸውን ይዘው መጡ፤ ቱንቢ ስላችሁ በሲባጎ የታሰረ የወንዝ ድንጋይ ነው። መቃኑን አቀኑ፤ ዋጋ አልተቀበሉም፤ ነገር ግን የእናቴን ጠላ ሦስት ጣሳ ከጠጡ በኋላ «ቀጥኗል» ቢሉ፣ እናቴ እስከ ፍልሰታ ድረስ ሰላምታ ነፈገቻቸው፤ ማኅበሩም ሁለቱን ለማስታረቅ ሽማግሌ ላከ፤ ሽማግሌዎቹም በተራቸው ጠላውን ቀምሰው፣ እውነቱን መናገር ከዕርቁ ጋር የሚጋጭ ሆኖ ስላገኙት፣ ዝም ብለው ጠጡ። አናጢው በሞቱ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ያለቀሰችው እናቴ ነበረች።

ምን ልላችሁ ነበር? አዎን፣ ዛሬ ፊርማውን ስለሚያከራየው መሐንዲስ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሀ፣ በለ፣ በሐ ሲመድብ፣ ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝመውን በሐ ያኖረው፣ ሥራው ሲከብድ የባለሙያው ዐይንም ሊበዛ ስለሚገባ እንጂ የማኅተሙ ቁጥር እንዲበዛ አልነበረም። ነገር ግን በፕላኑ ላይ ስሙ በክብር የተጻፈው መሐንዲስ ሳይቱን ረግጦት እንደማያውቅ፣ ፌሮ የሚያስሩትም፣ ሶሌታ የሚሞሉትም፣ ካቦውም ሳይቀር ያውቃሉ፤ መልኩን አይተውት ቢሆን ኖሮ ዛሬ «የት አለ?» ተብለው በተጠየቁ ጊዜ ባልተሳሳቁ ነበር። ይህ ሰው የ1996ቱን የወንጀል ሕግ 543ኛ አንቀጽ ቢያነብ እወድ ነበር፤ ሙያው የሰው ሕይወት እንዲጠብቅ የሚያስገድደው ሰው በቸልተኝነት ሲገድል ቅጣቱ ይከብዳል፤ ሟቾቹ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ወይም ግልጽ የሆነውን ደንብ ሆነ ብሎ ከጣሰ፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ኪራዩ ይህን አስቦ የተተመነ አይመስለኝም።

እትዬ ደግሞ አስቀድመው ሳይናገሩ የቀሩ አይምሰላችሁ። የአጥሩ መሠረት ባዶውን እንደ ቀረ በሐምሌ ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሄደው አመለከቱ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉም በጎረቤት ሕንፃ የሚሰጋ ሰው ባለቤቱ አደጋውን እንዲያስወግድ የመጠየቅ መብት እንዳለው ሲናገር ለጉድጓድ ጊዜ ይነፍጋል ብዬ አላምንም። በጠረጴዛው ማዶ የነበረው ሰው «የወደቀ ነገር አለ?» አላቸው። «እስካሁን የለም» አሉ። «እንግዲያው ሲወድቅ ይምጡ።»

ወድቋል። ነገ በጧት አብሬያቸው እሄዳለሁ፤ ከዚህ በላይ ብጽፍ ስም መጥራቴ አይቀርምና እዚህ ላይ ላቁም።