የአንዲት ጭረት ነገር

የፊደሎቻችን ጉርብትና እጅግ የተቀራረበ ነው። በ‹ሰ› አናት ላይ አንዲት አግዳሚ ጭረት ብትጨመር ‹ሸ› ይሆናል፤ ከ‹ኛ› አናት ያቺው ጭረት ብትነሣ ‹ና› ይቀራል። ሸማ ሰማ ይሆናል፤ ዳኛ ዳና ይሆናል። ‹እኛ› ደግሞ፣ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ እርሱ ነው፣ ‹እና› ሆኖ ያርፋል፤ ሰዎቹ ጠፍተው ማያያዣዋ ብቻዋን ትቀራለች። ይህን ልብ እንድል ያደረገኝ የሰዋስው መጽሐፍ አይደለም፤ ከመጻሕፍት መደርደሪያዬ ሥር የተቀመጠች አንዲት የቤት ማተሚያ እንጂ።

ቀን ቀን የባንክ ሠራተኛ ነኝ። በመሥሪያ ቤታችን የቁጠባ ደብተር ላይ የምታትመው ማሽን መርፌዎቿን በሪባን ላይ እየቀጠቀጠች ነው የምትጽፈው፤ ትጮኻለች እንጂ ቀለም አይደርቅባትም። ሪባኗ ሲደክም ጽሑፉ ይገረጣል፤ ሪባን ይለወጣል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ማታ ማታ የምሞነጫጭረውን ግጥም የማትምባት የቤቴ ማሽን ግን ጠባይዋ ሌላ ነው።

በዚህ ዘመን ግጥም በወረቀት ማተም ለምን አስፈለገ ትሉኝ ይሆናል። የማትመው ለአንድ ሰው ነው፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ላስተማሩኝ መምህሬ። ግላኮማ የዓይናቸውን ዳር ዳር እየበላ መሐሉን ትቶላቸዋል። የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ ሐኪማቸው ነግሯቸዋል፤ የቀረውን በጠብታ መድኃኒት ያቆዩታል። የስልክ መስታወት ስለሚያደክማቸው በ26 መጠን ፊደል፣ መስመሩን አራርቄ፣ በጥቁር ቀለም አትምና በወር አንድ እሑድ እወስድላቸዋለሁ። እርሳቸውም በቀይ እርሳስ ያርሙኛል፤ አያዝኑልኝም።

በታኅሣሥ ወር ወረቀቱ ነጭ ነጭ መስመር እየተዘረጋበት መውጣት ጀመረ። ያን እሑድ መምህሬ ከአንድ ስንኝ ላይ ደርሰው ቆሙ።

«ልጄ፣ ዳና እንዴት አድርጎ ነው የሚፈርደው?»

«ዳኛ ነው ጋሼ» አልኋቸው እየሣቅሁ።

እርሳቸው ግን አልሣቁም። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ጉድለቱ የዓይናቸው መስሏቸው ነበር። ማሽኗ መሆኗን ነገርኋቸው፤ ነጩን መስመር በጣቴ አሳየኋቸው፤ «እሺ፣ እሺ» አሉኝ፤ ሰው ሲያጽናኑት እንደሚለው።

የነጩ መስመር ምክንያት ይህ ነው። ማሽኗ የምትጽፈው በመርጨት ነው። ባለሙያዎቹ ‹ሄድ› በሚሉት ክፍሏ ላይ ከጠጉር የቀጠኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች አሉ። ከእያንዳንዱ የምትወጣው ጠብታ በፒኮሊትር ትለካለች፤ ይኸውም አንድ ሊትር ለአንድ ትሪሊዮን ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ በባንክ ቤት እንኳ እንዲህ ያለ ሽርፍራፊ ቆጥረን አናውቅም። አንዳንዶቹ ማሽኖች ጠብታዋን የሚያስወነጭፉት በሙቀት ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. የካነን ተመራማሪ ኢቺሮ ኢንዶ የጋለ መበየጃ ቀለም የያዘ የስሪንጅ መርፌ ሲነካ ቀለሙ ፊጭ ብሎ ወጣ፤ ዘዴው የተወለደው ከዚያ ነው ይባላል። በሌሎቹ ዘንድ፣ የእኔም ከእነርሱ ወገን ናት፣ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው የሚለመጥ ቅንጣት ክሪስታል ቀለሙን ገፍቶ ያስወጣዋል። በመጀመሪያዎቹ ብዙ ጊዜ ሄዱ ከካርትሪጁ ጋር አብሮ ይጣላል። የእኔዋ ግን ሄዷ ከአካሏ ጋር የተሠራ ነውና እርሱን መለወጥ ሌላ ማሽን ከመግዛት ብዙም አይለይም።

ሥራ ሲያልቅ ሄዱ ወደ ጥጉ ተመልሶ እርጥበቱን በሚጠብቅለት የጎማ ክዳን ላይ ያርፋል። በሕትመት መሐል መብራት ሲሄድ ግን ባለበት ቆሞ፣ አፉን እንደ ከፈተ ያድራል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የበጋ አየሯ ደረቅ ነው፤ አቧራውንማ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ማሽኗ የራሷ የማጽጃ ትእዛዝ አላት። ቀለሙን በቀዳዳዎቹ ስባ በሆዷ ውስጥ ወዳለ ስፖንጅ ትተፋዋለች። ሁለት ሦስት ጊዜ ይሞከራል፤ ከዚያ በላይ ቀለም ማባከን ነው፤ ስፖንጁም ሲሞላ አልሠራም ትላለች። ሦስት ጊዜ አዘዝኋት፤ አጥፍቼም አሳደርኋት። በመፈተኛው ገጽ ላይ የሚታተሙት መሰላል መሳይ ጭረቶች ግን እንደ አረጀ ሰው ጥርስ ወላልቀው ነበር።

በማግሥቱ ሌሊት በእጄ ጀመርሁ። ከመድኃኒት ቤት ዲስቲልድ ውሃ ገዛሁ፤ የቧንቧ ውሃ ማዕድኑን ትቶ ስለሚደርቅ ለዚህ አይሆንም። ማሽኗን አብርቼ ሄዱ ከጥጉ ሲንቀሳቀስ ሶኬቱን ነቀልሁት፤ በሽታውን ያመጣው የመብራት መቋረጥ አሁን ለመድኃኒቱ አስፈለገኝ። ክር የማይለቅ ጨርቅ አጥፌ፣ ለብ ባለው ውሃ አርሼ፣ ከሄዱ ሥር ዘረጋሁ፤ ሄዱንም በቀስታ ገፍቼ በላዩ አሳረፍሁት። መጫንም መፋቅም የለም፤ ማሳደር ነው።

ስጠብቅ የብራና ጸሐፊዎቻችን ትዝ አሉኝ። ጥቁር ቀለማቸውን ከጥላሸት ይሠሩ ነበር፤ አድርቀው ያስቀምጡትና ሲፈልጉት በውሃ ይበጠብጡታል። ዛሬም የብዙ ማተሚያዎች ጥቁር ቀለም መሠረቱ ያው ካርቦን ነው። ልዩነቱ፣ መቃቸው ሲደነዝዝ በቢላዋ ይቀርጹታል፤ የእኔዋን ቀዳዳ ግን በዓይኔም አላያት።

ሲነጋ ጨርቁ በሰፊው ጠቁሮ አገኘሁት። ሄዱን ወደ ክዳኑ መልሼ አንድ ጊዜ ብቻ አጸዳኋትና መፈተኛውን ገጽ አተምሁ። መሰላሉ ሙሉ ነበር፤ አንድም እርከን አልጎደለም። ግጥሙን ሁለት ጊዜ አተምሁት፤ እያንዳንዱን ‹ሸ› እና ‹ኛ› በአጉሊ መነጽር ተመለከትሁ።

እሑድ መምህሬ ወረቀቱን ተቀበሉ። የመጀመሪያዎቹን ስንኞች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ እንደ ክፍል ዘመናችን፣ ሳይደናቀፉ አነበቡ። ከሦስተኛው አንጓ ላይ ሲደርሱ ግን ‹መሸ› የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ጀምረው ተዉት። አንገቴን ዘለግ አድርጌ ተመለከትሁ፤ ፊደሉ ሙሉ ነበር፤ ጭረቱም ጥቁርና ወፍራም።

«ማሽንህ ገና አልዳነችም መሰለኝ» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ ገና ናት» አልኋቸው።