አሮጌ በቅሎ ወይስ አዲስ?

ባለፈው ዕረፍት ወደ መንዝ በሄድን ጊዜ፥ አባታችን በጎች ሸጠው ለእናታችን በቅሎ ሊገዙ ተነሥተው አገኘናቸው። እናታችን ጕልበታቸውን ያማቸዋል፤ መኪና እስከ መሐል ሜዳ ቢመጣም ከዚያ ወደ ቀያችን ያለው ቁልቁለት የሰኮና እንጂ የጎማ መንገድ አይደለም።

ገበያ ላይ ሁለት በቅሎዎች ቀረቡልን። አንደኛይቱ ገና ያልተገራች፥ ጠጕሯ የሚያበራ ወጣት ነበረች፤ ባለቤቷም እንደ ተረቱ ስለ አህያ አባቷ ዝም ብሎ ፈረስ እናቷን ብቻ ያወድስ ነበር። ሁለተኛይቱ ብዙ ዘመን የተጫነች ስትሆን ጀርባዋ ላይ የዳነ የኮርቻ ቁስል ነጭ ጠጕር አብቅሏል። እኛ ተማሪዎቹ ወዲያው «አዲሲቱ ትገዛ!» አልን።

አባታችን ግን የሁለቱንም አፍ ከፍተው አዩ። የበቅሎ የወተት ጥርስ በ5 ዓመት ገደማ ተለውጦ ያልቃልና የወጣቷ ገና ግማሹ ነበር። ቀጥለው የአሮጌይቱን ሰኮና አነሡ፤ ከጆሮዋ አጠገብ ጃንጥላ ዘረጉ፤ አልደነበረችም።

«በቅሎ በደኅና ከያዟት 30 ዓመት ትኖራለች፤ ይህች ገና ብዙ ታገለግላለች። አዲሲቱን ማን ሊገራት ነው? እናንተ ወደ ትምህርታችሁ ትሄዳላችሁ። ገደል አፋፍ ላይ ብትደነብር የምትወድቀው እናታችሁ ናት» አሉን።

መልስ አልነበረንም። ስንመለስ እናታችን ተቀምጠውባት ቁልቁለቱን ወረዱ፤ አሮጌይቱም ድንጋዩን በእግሯ ሳትሞክር አትረግጥም ነበር።

ባልንጀሮቻችን ሆይ፥ እውነቱን እንናገርና የወጣቷ ጠጕር እስከ ዛሬ ከዓይናችን አልጠፋም። ለአባታችን ግን አልነገርናቸውም።