መርዶ የሚጠብቅ ስልክ

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርድ ሰው መጀመሪያ ጋቢውን ያወልቃል፣ ቀጥሎ ሹራቡን። ጥር 2011 ዓ.ም. ነበር። ጥምቀትን ጎንደር ላይ አክብሬ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ደባርቅ አደርኩ፤ ውርጩ ጣት ይቆረጥማል። በማግሥቱ በቅጥቅጥ አይሱዙ ሊማሊሞን ስንወርድ ግን ጆሮዬ ተደፈነ፣ የቆላው ወበቅም ከታች ተቀበለን። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው ያለችው፤ ጠዋት በብርድ የተንቀጠቀጠ ሰው እኩለ ቀን ላይ ጥላ ይፈልጋል።

ይህን ጠመዝማዛ መንገድ ከገደሉ ላይ የጠረበው ጣሊያን ነው፣ በወረራው ዘመን። ከዚያ በፊት የነጋዴ መንገድ ነበር፤ አሞሌ ጨው በበቅሎና በአህያ ተጭኖ በዚሁ አቀበት ወደ ጎንደር ይወጣ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስም በዚህ በኩል ነው ያለፈው። በፈረንጆች 1769 ኅዳር ላይ ከምጽዋ ተነስቶ ጎንደር የደረሰው በ1770 የካቲት ነው። ሦስት ወር!

እኛ ገደሉ መካከል ስንደርስ ኔትዎርክ ጠፋ። ሲያወራ የነበረው ሁሉ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰና መኪናው ውስጥ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ። ቁልቁለቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንወጣ ግን ስልኮች ከየኪሱና ከየጉያው በአንድ ጊዜ ይንጫጩ ጀመር። ከጎኔ የተቀመጡት አዛውንት ነጠላቸው ጫፍ ላይ የቋጠሩትን ትንሽ ስልክ ፈትተው ደወሉ። «ደረስኩ» አሉና ዘጉት። መልሰውም ቋጠሩት።

ዛሪማ በዋናው መንገድ ዳርና ዳር የተደረደረች ትንሽ ከተማ ናት። ስሟን የምትጋራው ወንዝ ከእሷ ይልቅ በአገሩ ሁሉ ተሰምቷል፤ ወልቃይት ውስጥ ለስኳር ልማት የተጀመረው ግድብ የዛሪማ ነው፣ በ2004 ዓ.ም. የዋልድባ መነኮሳት በዚያ ልማት ላይ ያሰሙት አቤቱታም እስከ አዲስ አበባ ደርሶ ብዙ አነጋግሯል። እኔን ግን በከተማዋ ያቆየኝ አንድ ጠባብ ሱቅ ነው።

በሩ ላይ «ሞባይል ቻርጅ እናደርጋለን» ተብሎ በኖራ ተጽፎ ነበር። ጣሪያው ላይ ሶላር ነበረ። ባለሱቁ አሥረኛ ክፍል ጨርሶ የተመለሰ ወጣት ነው። መብራት ከሌላቸው ቀበሌዎች የሚመጡ ገበሬዎች ስልካቸውን ጠዋት ትተው ገበያቸውን ይውሉ፣ ማታ ሦስት ብር ከፍለው ይወስዱ ነበር። መደርደሪያው ላይ የተደረደረው ስልክ ሁሉ ፕላስተር ተለጥፎበት ነበር፤ «የቄሰ ገበዙ»፣ «የወፍጮ ቤቱ»፣ «የአያ ሚሊሻው» የሚል። ስም የተጻፈበት አንድም አልነበረም፤ ሰው በሥራውና በቤቱ ይታወቃል።

እዚያ ቡና እየጠጣሁ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ሱቁ ፖስታ ቤትም፣ ባንክም፣ ትምህርት ቤትም ነበር ብል አላጋነንኩም። ማንበብ ለማይችሉት መልእክት ይነበባል። ካርድ ይፋቃል። አንድ ገበሬ 8028 ደውሎ ስለ ማሽላ በአማርኛ የሚነገረውን ምክር ለሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ አሰማን፤ ይህ የግብርና ምክር በነፃ መሰጠት የጀመረው በ2006 ዓ.ም. ነው። የሚስኮሉም ሥርዓት አለው። ልጆቻቸው ሰሊጥ ሊያጭዱ ሁመራና መተማ የወረዱባቸው እናቶች ቆጥረው ያውቁታል፤ አንዴ ጠርቶ ከቆመ «ደኅና ነኝ»፣ ሁለቴ ከጠራ «ደውይልኝ»። ሦስቴ ከጠራ እናት ትቆማለች። ልጆቻቸው ዐረብ አገር የሄዱባቸው ደግሞ ዓርብ ዓርብ መጥተው በባለሱቁ ስልክ በኢሞ ልጃቸውን ያያሉ፤ አንዷ እናት መስታወቱን በነጠላዋ ወልውላ ስትስመው አይቻለሁ።

በሁለተኛው ቀን ባለሱቁን «ከዚህ ሁሉ ስልክ የከበደህ የቱ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ዝም ብሎ ቆየና ያለፈውን የጥቅምት ወር ነገር አወራኝ።

በዚህ አገር መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ሰው ሩቅ አገር ሲሞት ዘመድና ጎረቤት አስቀድሞ በምስጢር ይመክራል፣ የነፍስ አባት ይጠራል፣ ንጋት ላይ በር ይንኳኳል። ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚደግፍ ክንድ፣ ፊቱን ሲነጭ የሚይዝ እጅ፣ አብሮ የሚያለቅስ ሰው ሊኖር ይገባል። ቀን ተመርጦ፣ ሰው ተመርጦ ነው ሞት ቤት የሚገባው። ስልክ ግን ሰውየው ብቻውን በረት ውስጥ ቆሞም ቢሆን፣ እርሻ መሃል ቢሆንም ይጮኻል።

በዚያ ጥቅምት አንድ ቀን፣ አንዲት እናት ትተውት የሄዱት ስልክ ደጋግሞ ጮኸ። ባለሱቁ ሲያነሳው የማያውቀው ሰው ነው፣ ከሁመራ። ልጃቸው በወባ ሞቷል። ባለሱቁ ሱቁን ዘግቶ ወደ አካባቢው ቄስ ቤት ሮጠ። ቄሱም «የጎጡን ሰው ሰብስቤ ንጋት ላይ እንሄዳለን፤ እስከዚያ ስልኳን እንዳትሰጣት» አሉት። ማታ እናትየው መጡ።

«እምየ፣ ዛሬ አልሞላም፤ ነገ ይውሰዱት» አላቸው።

«ፀሐዩ ሲያነድ ነበር የዋለው እኮ» ብሎ ነገረኝ ባለሱቁ። «ሰማዩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እሺ ልጄ ብለው ሄዱ። እኔ ሌሊቱን አልተኛሁም።» በማግሥቱ መርዶው በወጉ ተነገረ። ከአርባው በኋላ ሴትዮዋ ሱቁ መጥተው እጁን ስመውታል። ያሉትን ቃል በቃል ነገረኝ፤ «ያችን አንድ ሌሊት ልጅ እያለኝ አደርኩ።»

ከዚያ ወዲህ ቄሱና ባለሱቁ ስምምነት ነበራቸው። የሞት ወሬ የመጣበት ስልክ አይሞላም ነበር።

አዲስ አበባ ላይ ያደግሁ ሰው ነኝ። የወንድሜን ሞት የሰማሁት ታክሲ ውስጥ በስልክ ነው፤ ከጎኔ የነበሩት ሰዎች ለምን እንደጮህኩ እንኳ አላወቁም። ስለዚህ ወጣቱ ሲነግረኝ እንባዬን መያዝ አልቻልኩም። እኛ በስልክ ፍጥነት ልክ ሐዘናችንን አሳጠርን፤ ዛሪማ ስልኩን በሐዘኗ ልክ አዘገየችው። የሠለጠነው የትኛው እንደሆነ ለእኔ ግልጽ ነው።

ከባለሱቁ ጋር ቁጥር ተለዋውጠን ተለያየን፣ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ እንደዋወል ነበር። በሐምሌ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ወደ ዛሪማ አካባቢ፣ አዲ አርቃይ ገባ፣ መስመሩም ተቋረጠ። ለወራት ደወልኩ፤ የምሰማው ያው የተቀዳ ድምፅ ነው። ኋላ እሱ ራሱ ደወለ። ሱቁም፣ ሶላሩም፣ መደርደሪያው ላይ የነበሩት ስልኮችም እንዳልተረፉ ነገረኝ። ከዚያ ስለ አንድ ቀን አወራኝ፤ መስመር የተመለሰበትን ቀን። ስልክ የቀረለት ሰው ሁሉ በእጁ ይዞት ሳለ በከተማው ያለው ስልክ በአንድ ጊዜ መጮኽ ጀመረ። የወራት መርዶ በአንድ ጠዋት ገባ፤ አንዱ በገበያ፣ አንዱ በመንገድ ላይ ወደቀ። «ቄሱ ወደየትኛው ቤት ቀድመው ይሂዱ?» አለኝ።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ለአንድ ዓመት ገደማ እንደተዘጋ ቆየ። ከዚያ በፊት የትግራይ ሕዝብ በጦርነቱ ሁለት ዓመት ያህል ከኢንተርኔት፣ አብዛኛውን ጊዜም ከስልክ ተለይቶ ኖሯል። በሊማሊሞ ወዲህም ሆነ ከተከዜ ማዶ እናት እናት ናት፤ ልጇ በሕይወት ይኑር አይኑር ሳታውቅ ስንት ሌሊት እንዳደረች የሚቆጥርላት የለም። የዛሪማዋ እናት አንዲት ሌሊት ከእውነት የተጠበቁት የሚወዷቸው ሰዎች መክረውበት፣ ንጋት ላይ በራቸውን ሊያንኳኩ ተዘጋጅተው ነበር። መስመር ሲቆረጥ ግን ማንም አይመክርም፣ ማንም አያንኳኳም።

መስመር የመዝጋት ሥልጣን ያላችሁ ሁሉ፣ ከየትኛውም ወገን ብትሆኑ፣ እለምናችኋለሁ፤ ሌላው ቢዘጋ እንኳ የድምፅ ጥሪውን ለእናቶች ተዉላቸው።