ሳልጠይቅ የመለስኩት መልስ

በ2016 ዓ.ም. ክረምት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያለው ታላቅ ወንድሜ ጋ ሄጄ ነበር። በትርፍ ጊዜው መኪና ይወዳደራል። «አንተ የአውቶሞቲቭ ተማሪ አይደለህ እንዴ? የቱን ጎማ ልግዛ?» አለኝ። እኔም እንዳላፍር ብዬ ቶሎ «ላስቲኩ በጣም ለስላሳ የሆነውን» አልኩት።

አውቶክሮስ ላይ ሠራለት። እዚያ በኮኖች መካከል የሚነዳው 1 ደቂቃ እንኳ ለማይሞላ ጊዜ ስለሆነ፣ ቶሎ ሞቆ አስፋልቱን የሚይዝ ጎማ ያስፈልጋል። በሳምንቱ ግን ትልቁ የውድድር ሜዳ ላይ 20 ደቂቃ ሲነዳ ያው ጎማ ከልክ በላይ ጋለና መያዙን ተወ። መኪናው ኩርባው ላይ ተንሸራቶ ሳር ውስጥ ገባ። ወንድሜ ምንም አልሆነም፤ እኔ ግን ጉልበቴ ከዳኝ።

ጎማው ጎን ላይ ትሬድዌር የሚባል ቁጥር አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ ሲያንስ ላስቲኩ ይለሰልሳል። ለስንት ደቂቃ እንደሚበቃ ግን አይናገርም። ዛሬ ጎማ ምረጥልኝ የሚለኝን ሰው አስቀድሜ «የት ነው፣ ስንት ደቂቃ ነው የምትነዳው?» እለዋለሁ።