የወይን ቅምሻውና የእኛ «በሞቴ»

ያለፈውን ሁዳዴ ያሳለፍኩት አሜሪካ፣ አትላንታ፣ ልጄ ቤት ነበር። በመጋቢት አንድ ሳምንት አማቼ ሦስት የመግቢያ ትኬት ይዞ መጣና «እማማ፣ ደሴት ላይ የወይንና የምግብ ፌስቲቫል አለ፤ ይምጡና አየር ይቀይሩ» አለኝ። «በጾም ወይን ልታጠጣኝ ነው?» ብዬ ሳቅኩ። ልጄ «መብሉንም መጠጡንም ተዪው፤ ባሕሩን ታዪያለሽ» ስትለኝ እሺ አልኩ። ልጆቹን አያታቸው ዘንድ ትተን ተነሣን።

የሄድንበት ሒልተን ሄድ ይባላል። በሳውዝ ካሮላይና ግዛት፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ያለ ደሴት ነው። ከአትላንታ በመኪና አራት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ካርታ ላይ ሲያዩት ጫማ ይመስላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 1956 ድረስ ድልድይ አልነበረውም፤ ሰው የሚሻገረው በጀልባ ነበር። ድልድዩ ከተሠራ ወዲህ ሆቴሉና የጎልፍ ሜዳው ሞላበት። ቀይና ነጭ ቀለበት የተቀባው የመብራት ማማው ከሩቅ ይታያል።

በሩ ላይ አንድ ወጣት መታወቂያ ጠየቀኝ። ሽበቴን እያየ! በአገሩ ሕግ 21 ዓመት ያልሞላው ሰው መጠጥ አይገዛም፤ ስለዚህ ያለ ልዩነት ሁሉንም ይጠይቃሉ። እኛም አገር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1112፣ ዕድሜውን 21 አድርጎታል። ነገር ግን ስንቶቻችን ነን ለበዓል «ትቅመስ፣ ምን ትሆናለች» ብለን ለስምንት ዓመት ልጅ ጠላ የምናስጎነጭ?

ውስጥ ገብቼ አንድ ጥግ ተቀመጥኩና ማየት ጀመርኩ። ለእያንዳንዱ ሰው አንዲት ባዶ ብርጭቆ ይሰጠዋል። በየጠረጴዛው ሲዞር ቀጂው ከታች ጥቂት ብቻ ጠብ ያደርግለታል። ሰውየው ያሸታል፣ ይጎነጫል፣ ካልጣመው ወይም ከበቃው የቀረውን ጠረጴዛው ላይ በተቀመጠው ባልዲ ይደፋዋል። አንዳንዱማ የጎረሰውን ሳይውጥ እዚያው ይተፋል። መጀመሪያ ፊቴን አዞርኩ። በኋላ ግን ልቤ ያረፈው በዚያው ባልዲ ላይ ነው። አማቼ ሦስት አራት ጊዜ ሲደፋ አየሁት፤ ከቀጂዎቹ አንዱም አልተቀየመውም። መኪና የምትነዳው ልጄ ነበረችና እሷ ውሃ ብቻ ጠጣች። እሷንም ለምን ያላት የለም።

ያም ሆኖ ፌስቲቫሉን የጤና ትምህርት ቤት አድርጌ ልሥልላችሁ አልፈልግም። የነርስ ዓይን ጡረታ አይወጣም፤ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። አንዷ ቅምሻ 30 ሚሊ ሊትር ናት እንበል። አምስቷ ስትጠራቀም 150 ሚሊ ሊትር፣ ማለት አንድ መደበኛ የወይን ብርጭቆ ትሆናለች፤ በውስጧ 14 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለ። ሃያ ጠረጴዛ የዞረና ባልዲውን ያልነካ ሰው አራት ብርጭቆ ጠጥቷል ማለት ነው። ጉበታችን ደግሞ አንዷን ብርጭቆ ለማጣራት አንድ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። አመሻሹ ላይ ድምፃቸው ከፍ ያለ፣ እግራቸው የተሳሰረ ሰዎች አልጠፉም። «ቅምሻ ነው» የሚለው ቃል ሆድ ውስጥ ከገባ በኋላ አያገለግልም።

የእኛም ሰው ጥንት ልክ ያውቅ ነበር። አሳላፊው ጠጁን መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር። ብርሌም ቢሆን አንገቷ የጠበበ፣ በዝግታ የምትጠጣ ዕቃ ናት። ዛሬ ግን ደግስ ከተባለ ብርጭቆ ጎድሎ መታየት የለበትም። «በሞቴ!» «እኔ ልሙት!» «ንቀኸኝ ነው?» ይባላል። እንግዳው የሚጠጣው ጠምቶት ሳይሆን ባለቤቱ እንዳይከፋ ነው።

ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። የልጆቼን አባት ያጣሁት በጉበት በሽታ ነው። ሰካራም የሚባል ሰው አልነበረም፤ ብቻውን ተቀምጦ ጠጥቶም አያውቅም። ችግሩ እምቢ ማለት አለመቻሉ ነበር። ሐኪሙ ጭራሽ እንዲያቆም ካዘዘው በኋላ እንኳ ለቅሶም ሰርግም በሄደ ቁጥር ብርጭቆ ይጨብጥ ነበር። «ሐኪም ከልክሎኛል» ሲል «አንዷ ምን ታደርግሃለች፣ በሞቴ» ይሉታል። የሚሉት ክፉዎች አይደሉም፤ የሚወዱት ሰዎች ናቸው። ቀብሩ ላይ ከሁሉ አብልጠው ያለቀሱትም እነሱ ነበሩ።

በዚያ ደሴት ላይ ታዲያ አንድ ነገር ገባኝ። ከምግቡ ጠረጴዛዎች በአንዱ የአካባቢው ምግብ ይቀርብ ነበር። የደሴቱ ነባር ሰዎች ጉላ ይባላሉ። አያት ቅድመ አያቶቻቸው ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት ተወስደው በዚያ ዳርቻ ሩዝና ጥጥ ያመርቱ የነበሩ ናቸው። በ1862፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ፣ ነጻ የወጡት ሰዎች እዚያው ደሴት ላይ ሚችልቪል የተባለች የራሳቸውን ከተማ መሥርተው ነበር፤ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲገቡ የሚያስገድድ ደንብም አወጡ። ሩዛቸው በቲማቲም የቀላ ነው፤ ባሚያው ከአፍሪካ የተሻገረ ነው።

ቅዳሜ ስለነበር እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት አልነበረብኝም፤ ርቦኛል። ሩዙ ውስጥ ሥጋ እንዳለበት ልጄ ጠየቀችልኝና አለበት ተባለ። «ጾም ላይ ናት» አለቻት። ሴትየዋ ጭንቅላቷን ነቅንቃ ሩዙን ወደ ጎን አደረገችና ባሚያ በቲማቲም፣ የተቀቀለ በቆሎና ከነልጣጩ የተቀቀለ ለውዝ ሞልታ ሰጠችኝ። ሌላ ጥያቄ የለም፣ ልመና የለም።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር ነው? አይደለም። እኛም ቤት «ጾም ነኝ» ያለን ሰው በሞቴ ብሎ ሥጋ የሚያጎርስ የለም። እንዲያውም ባለቤቲቱ ሮጣ ሽሮ ትሠራለታለች። እምቢታን ማክበር እናውቅበታለን ማለት ነው። እንግዲያው «መድኃኒት ላይ ነኝ»፣ «መኪና እነዳለሁ»፣ «አልጠጣም» ለሚለውም ሰው ያንኑ ክብር ብንሰጠው ምን ይጎድልብናል?

በተለይ ለእኔ እኩዮች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ በሰውነታችን ያለው ውሃ ይቀንሳል፤ በወጣትነት ያልነካን ልክ ዛሬ ያዞራል፣ ይጥላልም። የስኳር፣ የደም ግፊትና የእንቅልፍ መድኃኒት ከአልኮል ጋር አይስማሙም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 መጀመሪያ ላይ ለጤና ምንም አያደርግም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ ገልጿል። የሚጠጣ ሰው ይህን አውቆ ይጠጣ፤ የማይጠጣውን ግን አናስገድድ።

ስለዚህ ደጋሾች ሆይ፣ ለሚቀጥለው ክርስትና ወይም ምርቃት ሦስት ነገር ልለምናችሁ። ከጠላውና ከቢራው እኩል ውሃና ብርዝ ጠረጴዛው መሐል ይቀመጥ፤ ጥግ አይደበቅ። ምግቡ ከመጠጡ ይቅደም። አንድ ጊዜ «ይጠጡ» በሉ፤ እንግዳው በቃኝ ካለ እጃችሁን መልሱ። ልጆቻችን ከአጠገባችን ቆመው እያዩን ነው። አያታቸው «በቃኝ» ሲል ከልብ «እሺ» እንደተባለ ካዩ፣ ነገ ጓደኛ ብርጭቆ ሲያቀርብላቸው ያንኑ ቃል ለማለት አያፍሩም።